አንተና አንቱ

ደብረ ብርሃን፣ ከወህኒ ቤት
የካቲት ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሸዋንዳኝ አበጀ፤ ጅማ።

ልጄ ሸዋንዳኝ፣ ከወባውም ከክፉ ዓይንም እመቤቴ ትሰውርህ። እኔ አለሁ። ሲመሽ እግሬ ያብጣል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለብኝም። ጽሕፈቴን ቀስ ብለህ አንብበው። አባቴ መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ዳዊት ሲያስደግሙኝ «መጻፍ ደግሞ ለሴት ምን ይሠራላታል» ይሉ ስለነበር፣ ከተማሪዎቻቸው ትከሻ ላይ እያየሁ የሰረቅሁት ጽሕፈት ነው። ከአንተ በፊት የወህኒ ቤቱ አዛዥ ያነቡታል፤ ደንቡ ነው።

ደብዳቤህ በጥምቀት ሰሞን ደርሶኛል። «የመምህርነት ትምህርቱን ትቼ እመጣለሁ፤ ዳኞቹ ፊት የምናገረው አለኝ» ያልከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አዛዡም አንብበውት ኖሮ «ልጅሽ ምን ሊናገር ነው?» አሉኝ። «እናቴ ደግ ናት ሊል ነዋ፤ የልጅ ነገር» አልኳቸው። በአክስትህ በአስካለ ማርያም በኩል «መልሴ ሳይደርስህ እንዳትነቃነቅ» ያስባልኩህ ነገሩ እስኪያልቅ ብዬ ነው። አሁን አልቋል። ባለፈው ሳምንት ተፈረደ።

ልጄ፣ አትመጣም። የምትናገረውም የለህም። አንተ ያን ቀን አልነበርክም። ሰው ያላየውን ምን ብሎ ይመሰክራል? እንዴት እንደሆነ እኔ ልንገርህና በደንብ ያዘው።

ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ነው። የጓሳ ተራራ ጭጋግ እስከ ደጃችን ወርዶ፣ በራችን ላይ ቆሞ በረቱን ማየት አይቻልም ነበር። እንዲያ ባለ ቀን ከመሐል ሜዳ በእግሩ የመጣ ሰው ቢኖር ማንም አያየውም፤ ግን የመጣ ሰው የለም። አንተ ክረምቱን ጅማ ሥራ ይዘህ ቀርተሃል። አባትህ ከማኅበር ጠጥተው ገቡ። «ልጁ ትምህርቱ ይብቃው፤ መጥቶ እርፍ ይያዝ» አሉ። እኔ «ይማር» አልኩ። ነገሩ ከዚያ ተነሣ። በሽመላቸው መቱኝ፤ ወደቅሁ፤ ደጋግመው መቱኝ። ኋላ ደክሟቸው ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ፣ ተነሥቼ በዘነዘናው ጭንቅላታቸውን መታኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ። የሆነው ይኸው ነው። ፖሊሶች ቤቱን ፈትሸው ከጅማ የመጣ አንድ ክር እንኳ አላገኙም፤ ከየት ያገኛሉ?

አባትህ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህንንም ያዝልኝ። አንተን ሳምጥ ወንዙ እስከ ደረት ሞልቶ ሳለ ተሻግረው አዋላጅ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። እወዳቸው ነበር፤ እፈራቸውም ነበር። አሁንም እንጨት ሲሰነጠቅ ስሰማ የመጡ ይመስለኛል፤ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። ከዚያ አለመኖራቸው ትዝ ይለኛል፤ አለቅሳለሁ። ገድላ ታለቅሳለች ይሉኛል እዚህ ያሉት ሴቶች።

ከካቡ ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ይዘንጋሽ በጭጋጉ ምክንያት ምንም አላየችም። ጩኸቴን ግን ሰምታለች። «ተው! አንተ፣ ተው!» ስል። ለፖሊስ ያንኑ ነገረች።

መንግሥት ጠበቃ አቆመልኝ፤ አቶ አፈወርቅ ይባላል። ልጅ እግር ነው። ለካ በፈረስ አገራችን ዘመሮ ድረስ ሄዶ፣ መንደራችንን ሲጠይቅ ሰንብቷል። አንድ ማለዳ ፊቱ በርቶ መጣ።

«እሜቴ፣ ነገሩን ፈታሁት» አለኝ። «እርስዎ ባልዎን አንቱ እንጂ አንተ ብለው አያውቁም። አገሩ ሁሉ ይመሰክራል። እንግዲያስ ያን ቀን አንተ ያሉት ሌላ ሰው ነው። እቤት ውስጥ ሦስተኛ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ካስረዳሁ ይለቀቃሉ።» ከዚያ ብዕሩን አዘጋጅቶ «ማን ነበር?» አለኝ።

ነጻ ሊያወጣኝ የመጣ ሰው እንደዚያ ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ማንም» አልኩት። «ይንገሩኝ እንጂ» ብሎ ሙጭጭ አለ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እናቱን እግዜር ይባርክ። ግን ሳይጠይቅ የሚተኛ አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን ዳኞቹ ሳይጀምሩ ተነሣሁ። «ጌቶቼ፣ ይህን ጠበቃ አልፈልገውም። ባለትዳር ሴት ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ ሌላ ወንድ ሊያስገባብኝ ነው። ከነፍሴ ስሜ ይበልጥብኛል። የራሴን ሙግት ራሴ እሟገታለሁ» አልኩ። ሰው ሳቀ። ልጁ ፊቱ ቀላ፤ ማኅደሩን ሰብስቦ ወጣ። አሳዘነኝ። ዳኞቹ «ነገሩ የሞት ነው፤ አስቢበት» አሉኝ። «አስቤበታለሁ» አልኳቸው። አባቴ የእናታቸውን ርስት በአፋቸው ነው ያስመለሱ፤ እኔ የማን ልጅ ሆኜ ነው ሙግት የሚያቅተኝ?

ይዘንጋሽን እንድጠይቃት ፈቀዱልኝ። ምላ ቆመች።

«ስንት ዘመን ጎረቤት ነን?» አልኳት።

«ከገባሽበት ቀን ጀምሮ።»

«አበጀ ሲመቱኝ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«እንዴት አልሰማ፣ እኅቴ።»

«ያን ጊዜ ምን እል ነበር?»

«ምንም አትዪም ነበር። ዝም ነው።»

«ያን ቀንሳ?»

«ያን ቀን ጮኽሽ።»

ይበቃኝ ነበር። የመረራት ሚስት አንድ ቀን ጮኻ ገደለች ብለው ይጨርሱታል ብዬ ልቀመጥ ስል፣ ይዘንጋሽ ሳትጠየቅ ወደ ዳኞቹ ዞረች። «ጌቶቼ፣ ምያለሁና አንድ ነገር ልናገር። ይቺ ሴት አበጀን አንተ ስትላቸው ሰምቼ አላውቅም። ሲመቷትም፣ ሲታመሙም አንቱ ነው። ያን ቀን አንተ ስትል ጆሮዬን ተጠራጠርኩ» አለች። ልትረዳኝ ብላ ነው። ደግ ሴት ናት፤ እንዳትቀየማት።

መካከል የተቀመጡት ዳኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ባላገር ያደጉ መሆናቸው በአነጋገራቸው ያስታውቃል። መነጽራቸውን አወለቁ። «ተከሳሽ» አሉኝ፣ «እውነት ነው? አንቱ ስትያቸው ነው የኖርሽው?»

«እውነት ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ያን ቀን አንተ ያልሽው ማንን ነው? ሌላ ሰው ነበር እንዴ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔን ወለምታ በዚያው በአፌ መልሼ ማሸት ነበረብኝ። ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጎትህ ገብረ ሥላሴ ከፊት ተቀምጦ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ያን ጊዜ እግዜር የአባቴን አነጋገር ሰጠኝ።

«ጌታዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አንቱ ብያቸዋለሁ» አልኩ። «ሲመቱኝ አንቱ ብያለሁ፤ እግራቸውን ሳጥብ አንቱ ብያለሁ። ያን ቀን ግን ከመሬት ላይ ሆኜ ልቤ ሸፈተ። ተው አልኳቸው፣ አልተዉም። አንተ አልኳቸው፣ አልተዉም። እንዳልገድላቸው ያስፈራኝ የነበረው አንቱታው ነበር፤ እሱ ከአፌ ከወደቀ በኋላ ዘነዘናው ቀላል ሆነ። አንቱ እየተባለ ሰው አይገደልም፣ ጌታዬ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ሳያደርጉ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ያመኑኝ አይመስለኝም። ጸሐፊው ግን ጽፎታል። ዐቃቤ ሕጉም የሚፈልገውን አግኝቷልና መዝገቡን አጠፈ። እኔ ተቀመጥኩ።

ስቅላት ጠይቀውብኝ ነበር። ድብደባውንና ድንገተኛ ንዴቴን አይተው አሥራ አምስት ዓመት አደረጉልኝ። «ይግባኝ በይ» የሚሉኝ አሉ፤ አልልም። የተዘጋ ነገር ማን ይከፍታል?

ስወጣ ገብረ ሥላሴ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ሴት ሆነሽ ነው እንጂ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገዳዩ ወንድ ቢሆን ኖሮ፣ የወንድሜ የገዛ ልጁም ቢሆን፣ አገር አቋርጬ ደሜን እመልስ ነበር።» አልፌው ሄድኩ። ጠርጥሮ ይሁን ለነገር ማሳመሪያ ብሎ አላውቅም። ወደ መንዝ እንዳትመጣ የምልህ ለዚህም ነው።

የአገራችን ሴቶች መግደሌን ሳይሆን አንተ ማለቴን ነው የሚያወሩት ብላኛለች አስካለ ማርያም። «ባሏን አንተ ያለች» ይሉኛል አሉ፤ ስሜ ያ ሆኗል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ፤ ኋላ ግን አንገበገበኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ቀን ሳላዛንፍ የጠበቅሁት ነገር ነበር። ያላደረግሁትን… (እዚህ ቀለም ፈሶብኝ ሰርዤዋለሁ፤ ምንም አይደለም።)

እኅትህ ተናኘወርቅ አክስትህ ዘንድ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። የቤቱ ክዳን አፍስሷል አሉ። የጓሳው የጋራ ሣር ለአጨዳ እስኪከፈት ማንም ለክዳን አያጭድም፤ እስከዚያው እንደሆነ ይሁን። እዚህ ጥጥ እንፈትላለን። የእኔ ክር ቀጭን ነው ብለው ለሌሎቹ አሳዪ አድርገውኛል፤ እንግዲህ እኔም እንዳንተ መምህር ልሆን ነው።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። እሑድ እሑድ ቄስ ይመጣሉ። «ልጄ ተናዘዢ፣ ይቅለልሽ» ይሉኛል። እኔ ግን ዳኞች ፊት የተናገርኩትን መስቀል ፊት መድገም አልቻልኩም። ተከሳሽ አይምልም ብለውኝ ዳኞቹ ፊት አልማልኩም፤ መስቀል ፊት ግን ሳይምሉም መሐላ ነው። ሁለት ጊዜ ተንበርክኬ ሁለት ጊዜ አፌ ተዘጋ። ስለዚህ አንተ እዚያ ካሉት አባቶች አንዱን ያዝ። የእናትህን ኃጢአት እንደ ራስህ ኃጢአት አድርገህ፣ «እኔ» እያልክ፣ ከበሩ እስከ ዘነዘናው ሳታስቀር ተናዘዝልኝ። የንስሐ አባት ለዳኛ አይናገርም። እያለቀስክ ብትናገረው አይደንቃቸውም፤ ብዙ ሰው እያለቀሰ ነው የሚናዘዝ። የሚሰጡህን ቀኖና፣ ጾሙንም ስግደቱንም፣ ሳታጎድል አንተ ፈጽመው። እሥሩን እኔ እፈጽመዋለሁ።

የአያትህ ጸሎት አጥር ይሁንህ። ያባትህን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። እጅህን ጌታ ለበጎ ሥራ ያውለው፤ እኔ አልተቀየምኩትም።

እናትህ
ወለተኪዳን ኃይለ ኢየሱስ