የይሁዳ ሁለተኛ ዓይን

ጥር 5፣ ማክሰኞ
የማታ ትምህርት ጨረስኩ። ይኸው እጽፋለሁ! ነቀምቴ ውስጥ የቀባውን ታቤላ ራሱ የሚያነብ ቀለም ቀቢ ማነው? ደረሳ ብቻ። ዛሬ ሆቴል በር ላይ አንበሳ ሣልኩ። ውሾች ሸሹ። እሺ... አንዷ ሸሸች።

ጥር 8፣ ዓርብ
አከራዬ እማማ ወይንሸት የእንጨት ስዕላቸውን ሰጡኝ። ጌታ ከሐዋርያቱ ጋር ማዕድ ላይ ነው። ጠርዙ ተሰንጥቋል።
«ኮቱ፣ ና ልጄ፣ ስንጥቁን ብቻ ጠግንልኝ። አያቴ ከጎጃም አዝላ ያመጣችው ነው።»
ጠዋት ማታ ፊቱ ይሰግዳሉ። እኔ ሚሲዮን ያደግሁ... የእኛ ጸሎት ቤት ግድግዳው ባዶ ነው።
ነጋዴው አበጋዝ አየው።
«አንተ፣ ይኼን ለፈረንጅ እሸጠዋለሁ። ለአሮጊቷ አምሳያውን ሣልላቸው። ኮት አለብስሃለሁ።»
«ፈረንጅ አሮጌ ምን ያደርግለታል?»
«አሮጌ ስለሆነ ነዋ!»
አሮጌ ሰጥቶ አዲስ መቀበል... እማማ ምን ተጎዱ? የተሞኘው ፈረንጁ አይደል?

ጥር 17፣ እሑድ
ጨረስኩ። ጥላሸት በቅቤ ለውሼ አሸሁት፤ አረጀ። እንዲያውም አሻሻልኩት። የድሮው ሰዓሊ ይሁዳን በጎኑ ሥሎት አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ስንፍና! ፊቱን አዙሬ ሁለተኛ ጨመርኩለት። አዲሱን ለእማማ ሰጠሁ፤ አበጋዝ አሮጌውን ይዞ ወደ ሲሬ ከተማ ሄደ። ኮቱ ትከሻው ላይ ይሰፋኛል።

ጥር 21፣ ሐሙስ
ማርያም ናት። እማማ ሊሰግዱ ጎንበስ አሉ... ቀና አሉ። ጠሩኝ።
«ደረሳ፣ ይሁዳ ምን ብሎ ያየኛል?»
«እሱስ ሰው አይደል እንዴ፣ እማማ? ሁለት ዓይን አለው» ብዬ ሳቅኩ።
«ክፉ ሰው ስዕል ላይ በሁለት ዓይን አያይም። ይኼን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ የለም።» «የኔን የት አደረስከው?»
ቀልድ ፈለግሁ። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ
ሲሬ ሄድኩ። አበጋዝ ሥጋ ቤት ተቀምጧል።
«ስዕሉ ትናንት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባ። ፈረንጁም ወዶታል፤ አርፈህ ተቀመጥ።»
ኮቱን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩ።
«ጅል! ብርድ ይመታሃል።»
በጭነት መኪና ጀርባ ተመለስኩ። ብርዱ አልተሰማኝም። ምንም አልተሰማኝም።

ጥር 25፣ ሰኞ
ለእማማ ሁሉንም ነገርኳቸው። እርግማን ነበር የጠበቅሁት።
«በልተሃል?» አሉኝ።
ቀለም በጥብጬ የይሁዳን ሁለተኛ ዓይን ደፈንኩ። አዩት። «ጎበዝ ነህ፣ እጅህ ይባረክ» አሉና ስዕሉን መልሰው ሰጡኝ።
ይኼን ቃል ከሰው አፍ ስንት ዘመን ስፈልገው ነበር... አሁን ምን ላድርገው?

የካቲት 3፣ ማክሰኞ
እማማ ዛሬም ሰገዱ። ለባዶ ግድግዳ። የቤቱ ጭስ ዙሪያውን አጥቁሮት፣ ስዕሉ የነበረበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።
ሥራ ነው የማውቀው። «ግድግዳውን ልቀባልዎት?» አልኳቸው።
«እንዳትነካው!»
ያን ሁሉ አድርጌ ያልጮሁብኝ፣ አሁን ጮሁብኝ።