የሻሂ ቤቱ ጠያቂ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ዛሬም በሩ አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ ይዣለሁ። ብርድ ነው፣ ጣቴ አይታዘዝም። ጥያቄው ያው ነው፦ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ለምን። የሱዳን ወሰን አጠገብ ወዳለችው ተሰነይ የሚሄደው አውቶቡስ የሚነሣው ከአጎቴ ሻሂ ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ ለጥናቴ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። መንገደኛው ትኩስ ነገር ሳይቀምስ አይሳፈርም። እኔ ደግሞ ለመለሰልኝ ሰው ሻሂ በነፃ አስቀዳለሁ። አጎቴ ፈቅደዋል። ዘዴው የራሴ ፈጠራ ነው፣ ትንሽ ኮርቻለሁ።

ደብተሬ፣ ከአ.አ. ስነሣ ጓደኞቼ ያለ ፓስፖርት ውጭ አገር ሊማር ነው ብለው ሲስቁብኝ ነበር። አስተማሪዬ ግን አልሳቀም። ሪፖርቱ ላይ «ጠቅላይ ግዛት» እንጂ ሌላ ቃል እንዳልጽፍ አስጠንቅቆኛል። አገሩ አንድ ነው፣ ወሰኑ ሱዳን ጋ ነው፣ አንተ የምታጠናው ያን ወሰን የሚሻገሩትን ነው አለኝ። እሺ ብዬ መጣሁ። እዚህ ስደርስ የደንበኞቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ከኢትዮጵያ መቼ መጣህ የሚል ሆነ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

አጎቴ ሰዒድ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። በጎረምሳነታቸው ከወሎ ተነሥተው እዚህ ቀሩ። አባቴ ሲሞት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ከዚህች ሻሂ ቤት በሚያገኙት። አሁን ደግሞ እያበሉኝ ነው። ባለቤታቸው ኸዲጃ ያገሩ ሰው ናት፣ ጀበርቲ፣ ትግርኛ ተናጋሪ እስላም። በዕድሜ ከኔ ብዙም አትበልጥም፣ ትቀልድብኛለች። ጥያቄ ከምትጠይቅ ብርጭቆ እጠብልኝ፣ እሱም ትምህርት ነው ትለኛለች።

የማይመልሱልኝ አቦይ ዑስማን ብቻ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት እዚህ ሳይቀመጡ ሱቃቸውን አይከፍቱም። ልጆችዎ የት ናቸው ስላቸው መልሰው የኔን እናት ጤንነት ይጠይቁኛል። አበሳጩኝ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ዛሬ ቀኔ ነው! ተኽለ የሚባል ልጅ አገኘሁ። ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። አማርኛውን ትምህርት ቤት ነው የተማረው፣ ሐ እና ዐን ከጉሮሮው እያወጣ ከኔ አሳምሮ ይናገራል። ታላቅ ወንድሙ ከታሰረ ወዲህ አለቃው ሥራ ነሥቶታል። ተሰነይ ጥጥ እርሻ ሥራ አለ ብለውታል። ከተሰነይ ወዲያስ አልኩት። ሳቀና ሻሂውን ጠጣ።

ወደድኩት። አውቶቡሱ ሲጠራ ጓዙን ተሸክሜ እስከ በሩ ሸኘሁት፣ አቅፌ ትከሻውን ሳምኩት። እኛ ዘንድ አብሮ የጠጣን ሰው ዝም ብሎ መልቀቅ ነውር ነው። ረዳቱ ፈጠን በሉ ብሎ ጮኸብን። አውቶቡስ ውስጥ ያሉት ሁሉ በመስኮት ሲያዩን ነበር።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ሰው የለም። ትናንትም አልነበረም። «የመንገደኛ ቁጥር መቀነስ» ብዬ መዝግቤ ምክንያቱን ስተነትን ቆየሁ፦ ብርዱ፣ የአዝመራ ወቅት፣ ወዘተ። አሁን ቀና ስል አውቶቡሱ ጢም ብሎ ተነሣ። ሻሂውን የሚጠጡት ፌርማታውን አልፎ ካለው ባር ነው። ትንተናዬ ገደል ገባ።

አቦይ ዑስማን መጡ፣ ግን ጀርባቸውን ሰጡኝ። ሻሂያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። አጎቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ጠረጴዛ ይወለውላሉ።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ኸዲጃ ነገረችኝ።

ተኽለን ከከረን ወዲያ ያለው ኬላ ላይ ወታደሮች ከአውቶቡስ አውርደው ወስደውታል። የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ አቅፎ አሳየው እያለ ነው። ትከሻውን መሳሜ ምልክት ነበር አሉ። ጥያቄዬም፣ ነፃ ሻሂዬም፣ ሁሉም አሁን ትርጉም አገኘ። ጆሮ ጠቢ ነኝ። አጎቴ ደግሞ የጆሮ ጠቢ አሳዳሪ ናቸው።

ቧንቧ ላይ አንዲት ሴት ለኸዲጃ፣ ሰዒድ ልጁን ያስወጣ፣ አለዚያ ለራሱ ይወቅ ብላታለች። ገጀረት ሰፈር በእንዲህ ያለ ወሬ ደጃፉ ላይ የተገደለ ሰው አለ። አጎቴ ይህን ሁሉ ከሰሙ ሰነበቱ። አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም።

ለማንም ምንም አልተናገርኩም። ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ባልሸኘው ኖሮስ? ኬላው ላይ የሚጠብቁት ከመጀመሪያውም ይጠብቁት ነበር ወይ? አላውቅም። ማወቅም አልችልም።

ከመግሪብ በኋላ

አጎቴን አነጋገርኳቸው። ነገውኑ ወደ አ.አ. ልመለስ አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«የወንድሜን ልጅ ሰው ፈርቼ ከቤቴ አላስወጣም» አሉ። «ትምህርትህን ስትጨርስ ትሄዳለህ። እስከዚያ እዚሁ ነህ።»

እራት ቀረበ። ሥጋውን ወደኔ እየገፉ አበሉኝ።

ኸዲጃ ግን ወጥ ቤት ጠርታ እውነቱን አስረዳችኝ። እንዲሁ ብሄድ ሥራውን ጨርሶ ሄደ ይባላል እንጂ የሰዒድ ስም አይነጻም አለች። «ኣይፋል፣ ወደይ» አለችኝ፣ አይሆንም ልጄ ማለቷ ነው። «ራሱ በሰው ፊት ካላባረረህ ማንም አያምነውም። እሱ ደግሞ አያባርርህም።»

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ጥያቄዎቼን ትቻለሁ። ባሰ። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ይበልጥ ያስፈራል መሰለኝ። አጎቴ ጠዋት ጠዋት ትልቁን ማንቆርቆሪያ ሙሉ ሻሂ ያፈላሉ፣ ሲመሽ ይደፉታል። ሲደፉ እንዳላይ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ሰዉ ላይ ተናደድኩ። ምን አድርጌአቸው ነው? ከዚያ ራሴን በነሱ ቦታ አስቀመጥኩት። ወንድሜ ኬላ ላይ ቢወሰድብኝ እኔም እንደዚሁ ባሰብኩ። ንዴቱ በረደ፣ ፍርሃቱ ግን አለ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አጎቴ ሻሂ ቤቱን ሲከፍቱ ቀድሜአቸው እወጣለሁ፣ ግራ ቀኙን አያለሁ። ምን እንደማደርግ እንኳ ሳላውቅ።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። እንዲያባርሩኝ ማድረግ።

ለአጎቴ ነግሬ አብረን ማስመሰል አይሆንም። ውሸት አያውቁበትም፣ ፊታቸው ላይ ይነበባል። እውነት መሆን አለበት። እውነት ሊቆጡ፣ እውነት ሊጠሉኝ ይገባል። ነገ ዓርብ ነው። ከጁምዓ ሲወጡ ሰዎቹ በደጃችን ነው የሚያልፉት። ሻሂ ባይጠጡም ሰላምታ መመለስ ግዴታ ስለሆነ ለአጎቴ ሰላምታ ሳይቆሙ አያልፉም።

ለኸዲጃ ብቻ ነገርኳት። ልብህ ይችለዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይችላል አልኳት። ውሸቴን ነው።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

አደረግሁት።

ሰዎቹ ከመስጊድ ወጡ። አጎቴ ደጃፉ ላይ ቆመው አሰላመሌኩም ይላሉ፣ እነሱም ቆም እያሉ ይመልሳሉ። አቦይ ዑስማን ሲደርሱ ከውስጥ ወጣሁና እጅጌያቸውን ያዝኩ። ልጆችዎ የት ናቸው አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ወሰኑን ተሻግረዋል ወይ? በማን በኩል? ሽማግሌው ደነገጡ። አጎቴ ተው ይማም አሉኝ፣ በለሆሳስ። አልለቅም አልኩ። ደግመው ተው አሉኝ።

በሕይወቴ አንቱ እንጂ አንተ ብዬአቸው አላውቅም።

«አንተ ምን አገባህ?» አልኳቸው። «ሻሂህን አፍላ።»

አጎቴ የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር። ብመታ ደስ ባለኝ። አዩኝ፣ እንባቸው መጣ። ከዚያ ገብተው ሻንጣዬን አውጥተው መንገድ ላይ ጣሉት። ለኔ አንድም ቀን ትግርኛ ተናግረውኝ አያውቁም፣ ያኔ ግን በትግርኛ ነው የተናገሩኝ። «ውጻእ። ካብ ገዛይ ውጻእ» አሉ። ከቤቴ ውጣ።

ሻንጣዬን ስሰበስብ ማንም አልረዳኝም። አቦይ ዑስማን አጎቴን በትከሻቸው ደግፈው ወደ ውስጥ ሲያስገቧቸው አየሁ። ሌሎቹም ተከትለው ገቡ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ሓዝሓዝ ሰፈር

አልጋ ተከራይቻለሁ። ባለቤቷ መበለት ናት፣ ብዙ አታናግረኝም፣ ተመስገን።

ዛሬ ከመንገዱ ማዶ አለፍኩ፣ በጋቢ ተሸፋፍኜ። ሻሂ ቤቱ ሞልቷል! ወንበር ያጡ ቆመው ይጠጣሉ። አቦይ ዑስማን የኔዋ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አጎቴ ጎንበስ ብለው ይቀዳሉ። በጣም ደስ አለኝ። ጥግ እንደታጠፍኩ ግን ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። አንድ ወታደር ምን ሆነሃል ብሎ ጠየቀኝ፣ በአማርኛ። ብርድ ነው አልኩት።

ሪፖርቱ እንዳለ ነው። ሰው ለምን ቤቱን ለቆ ይሄዳል የሚለው ላይ አንድ መስመር መጨመር አቃተኝ። የሰዎቹን መልስ የጻፍኩበትን ሁሉ የመበለቷ ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ለአስተማሪዬ ምን እንደምል አላሰብኩበትም።

ተኽለ እስካሁን አልተሰማም።

ኅዳር 6፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ኸዲጃ መጣች። ገበያ ነኝ ብላ ነው። ዳቦና ሽሮ አመጣችልኝ።

ቤቱ ደኅና ነው። ቧንቧ ላይ ያለችው ሴት ሳትቀር ሰላም ትላታለች። ሰዒድ ግን ደኅና አይደለም አለች። እህል አይቀምስም። ስሜ እንዳይነሣ ከልክሏል። ሲሰግድ ወንድሙን ይቅርታ ሲለምን ትሰማዋለች፣ ልጅህን አበላሸሁት፣ አደራህን በላሁ እያለ።

«አልቻልኩም» አለችኝ። «በጃኻ፣ እባክህ፣ ልንገረው። ለብቻው፣ በሹክሹክታ። ማን ይሰማል?»

ማንም አይሰማም፣ እሱ እውነት ነው። ግን አጎቴን አውቃቸዋለሁ። ቢሰሙ አንድ ሌሊት አያድሩም። ከዚያ ሓዝሓዝ ድረስ በእግራቸው መጥተው፣ እጄን ይዘው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወደ ቤታቸው ይመልሱኛል። ሻሂም ራሳቸው ይቀዱልኛል። በማግስቱ ምን እንደሚመጣ እኔም ኸዲጃም እናውቃለን።

አትንገሪያቸው አልኳት። እስከ መቼ አለችኝ። ባለጌ ነው ብለው ይኑሩ አልኩ።

አለቀሰች። ተነሥታ ነጠላዋን ካስተካከለች በኋላ በሩ ላይ ቆማ፣ ቢያንስ አየሁት፣ ደኅና ነው ልበለው አለችኝ።

እሱንም አልኳት። እሱንም እንዳትዪ።