ሙሽሪፋ እንጂ ሙሽራ አይደለችም

ካይሮ፣ ሀረም
ሰኔ 4 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ጁባ ለሚገኘው፣ ለምወደውና ስልክ ለማያነሳው አባቴ፣

ከሰላምታ በፊት ኑዛዜ ይቀድማል። እኔ ማርያማዊት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ፣ ለሐሙስ እንግዶች ከተቀመጠው የበስቡሳ ኬክ አንዱን ጥግ ቆርጬ መብላቴን አምናለሁ። ጥጉ ጎድሎ እንዳይታይም ሌሎቹን ጥጎች ቆረጥኳቸው። የቆረጥኩትን ደግሞ መጣል ነውር ነው። አሁን ትሪው ላይ ያለው ነገር ክብ ነው ማለት ይቻላል። እማዬ ገና አላየችውም። ብታየውም እንደ ድሮው አትቆጣም፤ ትጠይቀኛለች። ልጽፍልህ የተነሳሁት ስለዚሁ ጠያቂነቷ ነው።

ደህና ነህ ወይ አባባ? እኛ ደህና ነን። የካይሮ ግማሽ ሕዝብ ዓርብ ዓርብ አደባባይ ይወጣል፣ የቀረው ግማሽ ቤቱ ተቀምጦ የወጣውን ያማል። የሚክሮባስ ሾፌሮች ሳይቀሩ ፓርቲ ሊያቋቁሙ ነው። መብራት አለ፣ ዳቦ አለ፣ ጫጫታ ተርፎናል።

የሐሙሱ እንግዶች ግን ለሠርግ አይደለም የሚመጡት። የጋሽ ባልቻ የወንድም ልጅ እዚያ ያንተ ጎረቤት ነው፤ ጋሽ ባልቻ ደግሞ እዚህ የእኛ ናቸው። መሀል ላይ ያን ሁሉ በረሃ ቢያስቀምጡበትም ወሬ ውሃ አይጠማውም። “ዓለምነሽ ሙሽራ ሆነች” ተብለሃል። ከየካቲት ወዲህ ስልክህ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ዝም። አባባ፣ እማዬ የሆነችው ሙሽሪፋ ነው። አንዲት “ፋ” መንገድ ላይ ጠፍታ ነው ቤታችን የታመሰው።

ከሥሩ ልንገርህ። እማዬ ሞሃንዲሲን ባለው ማዕከል የተጣሉ ባልና ሚስቶችን፣ የተኳረፉ ወላጆችና ልጆችን ስታማክር እንደኖረች ታውቃለህ። አንተ “ለሥራ” ከሄድክ በኋላ (ለሥራ መሆኑን ለማመን ተስማምቻለሁ) አዲስ ሥልጠና ጀመረች። የአማካሪዎች አማካሪ መሆን ነው። ያዕኒ፣ ማለትም ከባልና ሚስቱ ጋር አትቀመጥም፤ ከእነሱ ጋር ከሚቀመጠው አማካሪ ጋር ትቀመጣለች። እሱ ምን ሰማ፣ ምኑን ሳይሰማ አለፈው፣ ሳያውቀው ለማን አደላ፣ እያሉ አብረው ያያሉ። እሷን ደግሞ ዶክተራ ኢንሷፍ የምትባል የሄሊዮፖሊስ ሴትዮ ጎኗ ተቀምጣ ታያታለች። አንድ ባል ሚስቱን ሲያኮርፍ ስንት ሰው የእንጀራ ገመድ እንደሚያገኝ ልብ በል።

ለዚህ ሥራ የአማርኛ ስም ጠፋ። እማዬ መጀመሪያ ለጋሽ ባልቻ “ተቆጣጣሪ ልሆን ነው” አለቻቸው። እሳቸው ደርግን ሸሽተው፣ እኔ ሳልወለድ ካይሮ የገቡ ሰው ናቸው። የያዙትን ሻይ አስቀመጡት።

“ተቆጣጣሪ? እኔ ከተቆጣጣሪ አምልጬ ሱዳን በእግሬ የገባሁት፣ በስተርጅና ተቆጣጣሪ ጎረቤት ሊቆምብኝ?”

በስንት ማሌሽና ይቅርታ አበረደቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቃሉን እቤት አላነሳችውም፤ የማዕከሉ ሰዎችም ያንኑ በአረብኛ እንደ ግብፆቹ “ሙሽሪፋ” አሉትና ኸላስ፣ አለቀ።

የመጀመሪያ ሰልጣኟ ኢዩኤል ነው፤ አዲስ አማካሪ፣ ትሑት፣ ጢሙ በልመና የሚወጣ ልጅ። በመጀመሪያው ቀን ገና ጉዳዩን አስረድቶ ሳይጨርስ እማዬ ከአፉ ነጥቃ ይኼን በላቸው፣ ያን አትበላቸው፣ ሚስትየዋን እንዲህ፣ ባልየውን እንዲያ ብላ ጨረሰችው። ዶክተራ ኢንሷፍ ከእኛ ሰዎች ጋር ብዙ ስለሠራች “ሽማግሌ” የሚለውን ቃል ታውቀዋለች።

“ዓለምነሽ፣ አንቺ ግሩም ሽማግሌ ነሽ” አለቻት።

እማዬ ምስጋና መስሏት ፈገግ አለች።

“እኛ ግን ሽማግሌ አልፈለግንም። ልጁ ይዞት የመጣውን ፈታሽለት። ነገ ሌላ ሲመጣበት አንቺን በኪሱ ይዞሽ ሊሄድ ነው?”

እማዬ ያን ቀን እራት አልበላችም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን መከራው በእኔ ላይ ወረደ፤ ልምምዱን እኔ ላይ ጀመረችው። ድሮ “ሳህን እጠቢ!” ትለኝ ነበር፤ አሁን “ሳህኑ ሳይታጠብ ሲውል ምን ይሰማሻል?” ትለኛለች። “ነፃነት” አልኳት። “እ… ስለ ነፃነቱ እስቲ ንገሪኝ” ብላ ተቀመጠች! ተነስቼ አጠብኩ። ዱላ ይሻል ነበር አባባ።

ከዚያ ጥር ላይ አብዮቱ መጣ። ማዕከሉ ተዘጋ፣ ፖሊሱ ከመንገድ ጠፋ፣ የሰፈሩ ልጆች ዱላና የወጥ ቤት ቢላ ይዘው ሰፈር መጠበቅ ጀመሩ። ጋሽ ባልቻም ከዘራቸውን ይዘው መሀላቸው ቆሙ፤ የሚሉት ባይገባቸውም በቁጣ ይስማማሉ። ሰዉ ቤቱ ተዘግቶበት ይጣላ ስለነበር ኢዩኤል በስልክ የሚያማክራቸው ሰዎች በዙበት፤ እሱም ቀን ቀን እኛ ሳሎን እየመጣ ከእማዬ ጋር ይሠራ ነበር። እኔ የሰው ምሥጢር እንዳልሰማ ወደ በረንዳ እባረራለሁ። አንድ ቀን ከዚያው ሆኜ ቁልቁል ሳይ ልጆቹ ኢዩኤልን አቁመው “ማን ጋ ነው የምትሄደው?” አሉት። ደንግጦ በአረብኛ “ሙሽሪፋዬ ጋ!” ብሎ ጮኸ። የጋሽ ባልቻ አረብኛ ደግሞ ከሽንኩርትና ከቲማቲም አያልፍም። የሰሙት በአማርኛ “ሙሽራዬ ጋ!” ብለው ነው።

በማግስቱ ደረጃ ላይ አገኙኝና ብርቱካን ሰጥተውኝ “አይዞሽ ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል” አሉኝ። ስለ አብዮቱ መስሎኝ አመሰገንኳቸው። ለካ ስለ እንጀራ አባቴ ኖሯል!

የገባን ባለፈው ሰኞ ነው። እማዬ ሥልጠናውን ጨርሳ ሐሙስ ምስክር ወረቀት ስለምትቀበል ጋሽ ባልቻን እቤት ብቅ እንዲሉ ልትጠራቸው ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት።

“እንዲያው ዓለምነሽ፣ እኔ ምን አግብቶኝ” አሉ እያፈሩ፣ “ግን ልጁ ትንሽ አላነሰም?”

“የቱ ልጅ ጋሽ ባልቻ?”

“ሙሽራው ነዋ! ኢዩኤል!”

እማዬ ነገሩ ሲገባት ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ “ለማን ለማን አወሩት?” አለቻቸው። የከዘራቸውን ጫፍ አዩ።

“ለማንም። ለወንድሜ ልጅ ብቻ… ለጁባው።”

ሳቋ ቆመ። ወደ ላይ ስንወጣ “አሁኑኑ ንገሪው! በእኔ ስልክ ካላነሳ በማዕከሉ ደውዪ፣ መልእክት ላኪ!” አልኳት።

“የጠየቀ ሰው መልስ ያገኛል” አለችኝ። “ጠይቆኛል?”

“ይኼ የሙሽሪፋ መልስ ነው ወይስ የሚስት?”

ዝም አለች። ዶክተራ ኢንሷፍ ትክክለኛ ጥያቄ ሰውን ዝም ያሰኛል ትላለች አሉ፤ እኔም ሳልሰለጥን አንድ አገኘሁ።

ረቡዕ ዕለት ዶክተራ የመጨረሻውን ግምገማ ልታደርግ እኛ ጋ መጣች። ኢዩኤል ከሄደ በኋላ የበረንዳው በር ስለተከፈተ እኔ ሰማሁ እንጂ አላደመጥኩም። (ልዩነት አለው።) “በመጀመሪያው ቀን አፍሽ አያርፍም ነበር” አለቻት። “ዛሬ ልጁ ሲጨነቅ ዝም ብለሽ ጠበቅሽው፤ መንገዱንም ራሱ አገኘው። ይኼን ከየት ተማርሽ? እኔ አላስተማርኩሽም።”

“ከባለቤቴ” አለች እማዬ። “እኔ ስናገር እሱ ዝም ይል ነበር። የናቀኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን እኔው ዝም ማለት ስጀምር ነው የገባኝ፤ ለካ እየሰማኝ ኖሯል።”

አባባ፣ ይኼ የባለጉዳይ ምሥጢር አይደለም፤ የገዛ ወላጆቼ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ሕግ አልጣስኩም። እንድነግርህም ማንም አልላከኝም።

አመሰግንሃለሁ። እማዬ ሐሙስ ለምትቀበለው ወረቀት ግማሹን ያስተማርካት አንተ ነህ፤ ሁለታችሁም ሳታውቁ። ዶክተራ ኢንሷፍንም አመሰግናታለሁ፤ እራቷን ብታስዘልላትም እናቴን በርትታ እንድትቆም አድርጋታለች። ኢዩኤልንም፣ ሳያገባ ስሙ ስለጠፋ። ጋሽ ባልቻንም ሳይቀር፤ ምክንያቱም ስለ ሚስቱ ግድ የሌለው ሰው በሠርጓ ወሬ ስልክ ማንሳት አይተውም። ይኼን ከእሳቸው በቀር ማን ያሳየኝ ነበር?

አሁን ግን ሰው ሲያዳምጥ ዝም ቢል ያምርበታል፤ ስልክ ዝም ሲል ግን ምኑም አያምርም። ሐሙስ ደውልላት። ይቅርታም፣ ማብራሪያም አታዘጋጅ። “ሙሽሪፋ ማለት ምን ማለት ነው?” ብለህ ብቻ ጠይቃት። የቀረውን እሷ ትቀጥለዋለች፤ አንተ የምታውቅበትን ዝምታ ያን ጊዜ ዝም ትላለህ።

ነገ ወደ ጁባ የሚበር ሰው ስላገኘሁ ደብዳቤው ቶሎ ይደርስሃል። እግዚአብሔር ከትንኝም ከጎረቤት ወሬም ይሰውርህ። ምግብህን ያስማማልህ፣ ደጅህን ሰላም ያድርግልህ፣ የስልክህንም ድምፅ ከፍ ያድርግልህ።

የምትናፍቅህ ልጅህ
ማርያማዊት

ቆይ አባባ፣ ገና አልዘጋሁም። እማዬ ኋላዬ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም፤ ትንፋሿ ግን አንገቴ ላይ ነው፣ የረቡዑ ወሬ ጋ ደርሳለች መሰለኝ። ወረቀቱን አልነጠቀችኝም። አንተ ከሄድክ ወዲህ “አባትሽ” ስትል እንጂ ስምህን ስትጠራ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም። አሁን ግን እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ በቁጣ ይሁን በሳቅ በማይለይ ድምፅ፣ እስከነ አባቴ ስም ጠራችኝ፦

“ማርያማዊት ደምሴ!”