ኦሃዮ ውስጥ የታየው ጆጋችን

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2025
ኖርዝ ቤይ



ልጄ ሊንዚ፣

የልብስ ማጠቢያችን ሰኞ ዕለት ተበላሸ። ስለዚህ ይህን የምጽፍልሽ ዋናው መንገድ ላይ ካለው የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀምጬ ነው። አንሶላውንና የአባትሽን ፒጃማ አንድ ማሽን ውስጥ ጠቅጥቄዋለሁ። ሃምሳ ደቂቃ ይላል። ከኔ በቀር አንድ ጋዜጣ የሚያነብ ሰውዬ አለ፤ እሱም ካልሲው እስኪታጠብለት ባዶ እግሩን ተቀምጧል።

ከሬጃይና ከተማ የላክሽው ካርድ ደርሶኛል። «እማ፣ ጻፊልኝ፤ ስለ ሥራዬና ስለ አባ ግን አንድም ቃል አልፈልግም። የምታዪውን ድራማ ጻፊልኝ» ብለሻል። እሺ። በድራማው እጀምራለሁ።

በዚህ ክረምት አምስት አዲስ ጀምረን ሁለቱን ጥለናል። «ጀምረን» ስል ጎረቤታችንን ዶትንም ጨምሬ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቴሌቪዥኗ ትልቅ ሆነባት መሰለኝ፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የቅቤ ታርት የሚባለውን ጣፋጭ ይዛ እኛ ጋ ትመጣለች።

የአሜሪካኖቹ ሐኪሞች ደህና ናቸው። ሰው እየሞተ ኮሪደር ላይ ቆመው ስለ ፍቅራቸው ያወራሉ እንጂ፣ ቁስል ሲሰፉ እጃቸው የለመደ ይመስላል። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሆስፒታል ወጥ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በዘጠኝ የድራማው ክፍል ውስጥ የምግብ ጋሪ የሚገፋ አንድ ሰው አላሳዩም። ሦስት ፎቅ ሙሉ ሕመምተኛ ማን እንደሚያበላው አይታወቅም። የሚይዙት የቡና ኩባያም ባዶ ነው፤ ሲያወዛውዙት ያስታውቃል። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ትቼ ኩባያቸውን ነው የማየው።

ሀብታሞቹን ወንድማማቾች ጥለናቸዋል። ስልክ ሲዘጉ ደህና ሁን አይባባሉም። ዶት «ሀብታም ጊዜ የለውም» አለች። ጊዜስ ነበራቸው፤ አንድ ክፍል ሙሉ መስኮት ላይ ቆመው ሲያስቡ ነው የዋሉት።

የኛው አገር ድራማዎች ደግሞ ስድስት ክፍል ይሠሩና ያልቃሉ። የሰዎቹን ስም ለመድኩ ስትዪ በገንዘብ የረዷቸው መሥሪያ ቤቶች ዝርዝር ይመጣል። የኒውፋውንድላንዷ መርማሪ ሰው ከመያዟ በፊት ይቅርታ ትጠይቃለች። ዶት ሳቀችባት። እኔ አልሳቅሁም፤ የአጎትሽ ልጅ ፖሊስ ሆኖ ልክ እንደዚያ ነው። በረዶው ግን ሳሙና ነው። ሰው ሲረግጠው ድምፅ የለውም፤ እንዲህ ያለውን እኛን ማታለል አይቻልም። ከሁሉም የወደድነው በሐይቁ ላይ እህል የሚጭነውን መርከብ ነው። ካፒቴኑና ወንድሙ ተኳርፈው አሥር ደቂቃ ሙሉ ማንም አይናገርም። አባትሽ ዓይኑን ሳይነቅል አየው።

ይኸው አባትሽን አነሳሁት። ድራማ የማየው ከሱ ጋር ነው፤ አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው አልቻልኩም። ከተቆጣሽ እዚህ ላይ አቁሚ። ግን አታቁሚ።

ድራማ እንድናይ ያዘዘችን የንግግር ሕክምና የምትሰጠው ሚስ ዊሌት ናት። ሴፕቴምበር ላይ ጠርታኝ፣ «ዜና አይሁን፣ ያናድደዋል። ድራማ ይሁን። ምስሉን ያቁሙና ዕቃ በዕቃ እያሳዩ ስሙን ይጠይቁት» አለችኝ። ጁን ላይ ስትሮክ ከመታው ወዲህ አባትሽ አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው። ማክሰኞ። ለምን ማክሰኞ እንደሆነ እሷም አታውቅም። አንዳንዱ ሰው ስድብ ይቀርለታል አለችኝ፣ አንዳንዱ የሚስቱ ስም። ለሱ ማክሰኞ ቀረለት። ሾርባ ሲፈልግ ማክሰኞ። ሾርባው ሲያቃጥለው ማክሰኞ፣ ጮክ ብሎ። ቄሱ መጥተው ጸልየውለት በአሜን ፈንታ ማክሰኞ አላቸው። ዶት «ቢያንስ ቀጠሮ አይረሳም» አለች።

ሆስፒታል መጥተሽ አልጋው አጠገብ የቆምሽ ቀን፣ አንቺንም ማክሰኞ ብሎሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንቺ እንደ ቁጣ ወሰድሽው። በዚያው ወጥተሽ አውቶቡስ ያዝሽ። ያለው ቃል እሱ ብቻ ነበር፣ ልጄ። ፊቱን ለምን እንዳዞረ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። በእንባ የራሰውን ትራሱን የቀየርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በፊት የሆነውን አልረሳሁም። ዋናውን መንገዳችንን ለድራማ የአሜሪካ ኦሃዮ ለማስመሰል ከነጓዛችሁ የመጣችሁ ጊዜ፣ ባንዲራውን አወረዳችሁ፣ የመኪኖቹን ታርጋ ቀየራችሁ፣ ቀዩን የፖስታ ሳጥን ሰማያዊ አለበሳችሁት። አባትሽ የምሳ ዕቃውን እንደያዘ ቆሞ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ባልደረቦችሽ ሁሉ እየሰሙ፣ «ደመወዝ የሚከፍሉሽ እኛን እንድትሰርዢ ነው?» አለሽ።

አንቺም፣ «አባ፣ ሥራዬ ቦታውን ማንም እንዳያውቀው ማድረግ ነው። ከታወቀ ተበላሸ ማለት ነው» አልሽው።

ሁለት ዓመት ሳትነጋገሩ ቀራችሁ። ሁለታችሁም እውነት ነበራችሁ፤ ለዚህ ይሆናል የከበደው።

አሁን መንገዳችን ላይ ስለሠራችሁት ድራማ፣ ስለ ሸሪፏ፣ ስለ ኦሃዮዋ የፖሊስ አዛዥ። ሥራሽን አትጥቀሺ ብለሻል፤ ድራማው ግን ድራማ ነው። ወደድኳት። ጫማዋ ተረከዙ ተበልቷል፤ ብዙ እንደቆመች ያስታውቃል። መንገዱ የኛ መሆኑን ከመጀመሪያው ደቂቃ አውቀነዋል፤ መድኃኒት ቤቱን ዳቦ ቤት አድርጋችሁታል፣ አማረበት። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ስህተት አላገኘንም። ዶት ወንበሯን አስጠግታ ሁለት ክፍል ሙሉ ስትፈልግ ነበር። የፍጥነት ምልክቱ በማይል። ገንዘቡ አረንጓዴ። የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሳይቀር። «ይህች ልጅ ሰላይ መሆን ነበረባት» ብላ ተወችው።

ጃንዋሪ 16 ቀን፣ ሐሙስ፣ ሦስተኛውን ክፍል አየን። ሸሪፏ ለልጇ ቁርስ ስታቀርብ ምስሉን አቆምኩና ጠረጴዛው ላይ ያለውን እያሳየሁ ጠየቅሁት። ማንኪያውን አሳየሁት፤ ማክሰኞ። ዳቦውን፤ ማክሰኞ። ብርቱካኑን፤ ማክሰኞ። ጆጉን አልጠየቅሁትም፣ ምክንያቱም አላየሁትም። ዕድሜ ልኬን ቁርስ ላይ ያየሁትን ነገር ምን ብዬ አያለሁ? ዶትም አላየችውም። አባትሽ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መዶሻ ይዞ የባቡር ፉርጎ ሥር ስንጥቅ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው።

በደህናው እጁ የወንበሩን ክንድ መታ።

«ላስቲክ» አለ።

ዶት ታርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ምን አልክ፣ ሙሬይ?»

«ላስቲክ። ወተት።» አፉ እየተንቀሳቀሰ ብዙ ቆየ። ላቡ መጣ። ከዚያ «የኛ» አለ።

ተነስቼ ቴሌቪዥኑ ሥር ሄድኩ። ቢጫው ጆግ ነው። ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ ምድጃ ላይ ትተሽው እጀታው የቀለጠው፣ ከቤት ስትወጪ ወስደሽው ለድራማው ያዋልሽው። ውስጡ እንደኛ አገር በላስቲክ የሚሸጠው ወተት ቆሟል፣ ጫፉ በመቀስ ተቆርጧል። ኦሃዮ ውስጥ ወተት የሚሸጠው በትልቅ ባለ እጀታ ጠርሙስ ነው፤ ይህን ከኔ አንቺ ታውቂያለሽ። ባንዲራውን፣ ታርጋውን፣ ሳጥኑን አየሽ። ወተቱን አላየሽውም፣ እኔም አላየሁትም። ያደግሽበት ነገር ነዋ።

ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ጠዋት አርባ አንድ ቃል አግኝቷል። እያንዳንዱን ጽፌ ፍሪጁ ላይ እለጥፈዋለሁ። በረዶ አለው፣ መነጽር አለው፣ ጨው አለው፣ ሰኞም ጀምሯል። «ዝም» የሚለውን ለዶት ነው ያስቀመጠው። እሷም ሲላት ደስ ይላታል፤ እህቷ ጋ ደውላ ነገረቻት። ሚስ ዊሌት ሰባት ወር ካርቶን ላይ የተሳለ ፖምና ድመት ስታሳየው ነበር። «የራሱን ነገር ነው ያየው» አለችኝ። ያሳየሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ አመሰግንሻለሁ። እንዲህ በደረቁ ከመጻፍ የተሻለ አላውቅበትም። ጠዋት ቡና ሲፈልግ ቡና ይላል፣ እኔም ፊቴን አዙሬ ምድጃውን እወለውላለሁ፣ በየቀኑ።

ማሽኑ አሥራ ስምንት ደቂቃ ይላል።

ካርድሽ ላይ ያልሽውን የጣስኩት ለምስጋና ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ያን ሐሙስ ምስሉን በስልኳ እንድታነሳው ዶትን የለመንኳት እኔ ነኝ። የከተማው የኢንተርኔት ገጽ ላይም ያስለጠፍኳት እኔ። ቃሉም የኔ ነው፦ «የልጄ የሊንዚ ጆግ ኦሃዮ ውስጥ ታየ፤ ባሌም ከሰባት ወር በኋላ ተናገረ። እግዚአብሔር ይመስገን።» እስኪመሽ ሁለት መቶ ሰው እንኳን ደስ አላችሁ አለን። የድሮ አስተማሪሽ ሳትቀር ጻፈች። በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰው ጽሑፉን ትቶ ምስሉን ብቻ ወሰደው። «ኦሃዮ ውስጥ የኦንታሪዮ ወተት» ብሎ ሳቀበት። ከዚያ ሌላው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ዶት የኛን አጠፋችው፤ ስትፈልጊ ያላገኘሽው ለዚህ ነው። ምስሉ ግን አገር ለአገር ሄዶ ነበር።

አንቺ ደውለሽ፣ «እማ፣ አንድ ሰው አሳጣኝ። አባረሩኝ» አልሽኝ።

እኔም፣ «ማን ይሆን?» አልኩሽ።

ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ስለ በረዶው አውርቻለሁ። አባትሽ አርባ አንድ ቃል ሲማር እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃተኝ።

እዚያ ሬጃይና ሶፋ መሸጥ ነውር የለውም። ብትወጂው እዚያው ቆዪ። ነገር ግን ያንን ሥራ እርም ብዬዋለሁ ያልሽው፣ የሚያውቅሽ የለም፣ የሚያይሽ ጠላት ነው ብለሽ ከሆነ፣ ያየሽ ሰው ማን እንደሆነ እወቂና ከዚያ ወስኚ። ጆጉ ያንቺ ስህተት ነው፤ ይህን አልሸሽግልሽም። አደባባይ ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ፣ በደስታ ብዛት። ለድራማው አለቆችም ይህንኑ ጽፌላቸዋለሁ። መልስ የሰጠኝ የለም። ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ጽፌላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስምሽን ገና አልያዘውም። ዛሬ ጠዋት ወተት ላወጣ ፍሪጁን ስከፍት በጣቱ እያሳየ «ሊን» አለና ቆመ። ትናንትም እዚያው ላይ ነው የቆመው። ሚስ ዊሌት የቀረውን እንዳልሞላለት ከልክላኛለች። «ይጠብቁት» ብላኛለች። እየጠበቅን ነው፣ ሁለታችንም፣ የፍሪጁ በር ተከፍቶ።

ማሽኑ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይላል። ባለባዶ እግሩ ሰውዬ ካልሲውን ወስዶ ሄዷል። ፖስታው የሚነሳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ልብሱ እስኪደርስ ብጠብቅ፣ ላድርቅ ልጣጥፍ ብል፣ ይህ ደብዳቤ ከኔ ጋር ቤት ይገባል። ቤት የገባ ደብዳቤ አይወጣም፤ መሳቢያው ውስጥ ሦስት አሉ። ሳጥኑ ማዕዘኑ ላይ ነው፣ ያው አንቺ ሰማያዊ ያለበስሽው። አሁን ቀይ ነው።

የሬጃይና ሜዳ ንፋስ ይራራልሽ። እንጀራሽ ከየትም ይምጣ፣ ከማን ጋር እንደምትበዪው አትጪ። ጆጉ አሁንም እጅሽ ላይ ካለ አትጣዪው።

አንሶላው እየዞረ ነው። ትቼው ወጣሁ።

እናትሽ ግሌንዳ