እልልታው ይቅርብኝ

ይድረስ ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጀይሉ።

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰንብተዋል? እማ ሁሪያስ እንደምን አለች? ጉልበቷን አሁንም ያማታል? እህታችን ዙሀራስ? ከብቱስ፣ አዝመራውስ እንዴት ከረመ? እኔ ታናሽ ወንድምዎ ሸረፈዲን፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለሁ። ሬሳ ደብዳቤ ጻፈ ብለው አይሽሹብኝ። ደግሞም ጮክ ብለው አያንብቡት፤ እርስዎ መቼም አንድ ወረቀት ከያዙ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነው የሚሰማዎት። ይኼን ግን ማሳው ውስጥ ገብተው ለብቻዎ ያንብቡልኝ።

ባለፈው ሰኞ ገበያ ላይ ጨው ተሸክሜ ስሄድ ከበቅሎ ነጋዴው ከታመነ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። አማተበብኝ። ሥጋ መሆኔን ለማረጋገጥ ክንዴን ጨብጦ ብዙ ቆየ። ያን ጊዜ መርዶዬን ያደረሰላችሁ እሱ መሆኑን የነገረኝ እያለቀሰ ነው።

ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ጠሃ አብረን ከቤት ወጥተን፣ ከአምባላጌ በታች በጣሊያን መንገድ ሥራ ላይ ሳለን ተስቦ ገባ። መጀመሪያ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ጠሃ ውሃ እያጠጣ፣ እያገላበጠ አስታመመኝ። እኔ ሲለቀኝ እሱን ያዘው። ሲንቀጠቀጥ እማ የፈተለችውን፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ክር ያለበትን ጋቢዬን ደረብሁለት። ሲሞት ከፈን አልተገኘምና፣ እኔም ገና መቆም ስላልቻልሁ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች በዚያው ጋቢ ጠቅልለው ወሰዱት። ታመነ በመንገድ ሲያልፍ ያየው ያንን ጋቢ ነው። በእኛ ቀዬ ሰው በእናቱ ፈትል ይታወቅ የለ? ፊቱን ግለጡልኝ ሳይል የሁሪያ ልጅ ሞተ ብሎ መጣ፤ እናንተም አለቀሳችሁ።

ታዲያ አንተ ለምን ሳትጽፍ ቀረህ ይሉኛል። ደኅና ነኝ ብዬ ብጽፍ ጠሃስ ትላላችሁ። ይህችን ጥያቄ ፈርቼ ዛሬ ነገ ስል ከረምሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ የሸሸሁት መርዶ በእኔው ስም ቤታችን ገባ።

ታመነ የነገረኝ ሌላም አለ። የጠሃ እናት ኡሙሀኒ ለእኔ ደረቷን ደቃ አለቀሰች አለኝ። እማ እህል አልቀምስም ስትል ገንፎ እያጎረሰች፣ ውሃ እየቀዳች ሰው ያደረገቻት እሷ ናት አለኝ። እስከ ዛሬም አይዞሽ፣ የኔ ልጅ ሲመጣ ለሁለታችን ይበቃል ትላታለች አሉ። ወንድሜ፣ ይህን ስሰማ የተሸከምሁት ጨው ከትከሻዬ ወደቀ። ልጇ በእኔ በሽታ ሞቶ እሷ የእኔን እናት ታጽናናለች! የምተነፍሰው ትንፋሽ የሰረቅሁት መሰለኝ።

አገሬ መግባት እፈልጋለሁ። እዚህም ክፉ አልኖርሁም፤ አደይ ጸዳሉ የምትባል ባልቴት ከእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ሥር አስጠግታኛለች። ነገር ግን መሬታችንን ማረስ፣ ከቅሬው ዕድርተኛ ጋር መቃብር መቆፈር፣ ኋላም በዚያው ሰው መቀበር አማረኝ። ብቻ እንዴት ልግባ? ገና ከሩቅ ስታዩኝ እልልታው ይቀልጣል፤ ኡሙሀኒም ሮጣ ወጥታ ከኋላዬ ጠሃን ትፈልጋለች። እንዲህስ ከሚሆን እንደሞትሁ ልቅር ብዬ ነበር። አደይ ጸዳሉ ግን ተቆጣችኝ። ዝወደየ፣ ልጄ፣ የማይመጣ ልጅ እያስጠበቅሃት እዚህ ብትቀመጥ ፈጣሪ ይጠይቅሃል አለችኝ።

ስለዚህ እባክዎን መጀመሪያ ለቅሬው ዳኛ ይንገሩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ለኡሙሀኒ ያርዷት፤ አገሩም ለጠሃ ያልቅስለት። እማ መኖሬን ያን ጊዜ ትሰማለች። ደስታዋን በነጠላዋ አፍና ከኡሙሀኒ ጋር ታልቅስ። ለእናት ከባድ ነገር እንደጠየቅሁ አውቃለሁ። እኔም የሐዘኑ ቀን ሳያልፍ እደርሳለሁ፤ እልልታው ይቅርብኝ፣ በግም አይታረድ። ወደ ቤታችን ሳልዞር ኡሙሀኒ ደጅ ሄጄ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ብትቀበለኝ ልጇ እሆናለሁ፣ ብታባርረኝም እውነቷን ነው። ደብዳቤውን የሚያደርሰው ታመነ ራሱ ነው፤ እስከዚያ አፉን እንዲይዝ በማርያም አስምዬዋለሁ።

ሰላምታ መላክ ወግ ነው፤ ነገር ግን ሙት ሰላምታ አይልክምና መርዶው እስኪነገር እርስዎ ዘንድ ይቆይልኝ። ከዚያ በኋላ እማን ጉልበቷን ስሟል ይበሉልኝ። ዙሀራን፣ ባለቤትዎን ሳሊሃን፣ ሳላያቸው ያደጉትን ልጆችዎንም በያሉበት ሰላም ብሏል ይበሉ። ለእናቴ ለኡሙሀኒ ግን የምልከው ቃል አጣሁ።

ታናሽ ወንድምዎ ሸረፈዲን
መቀሌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1934 ዓመተ ምሕረት