አሥራ አንድ ቀን ያለው ሳምንት

ለውድ አባቴ፦

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ? መነጽርዎ አሁንም በልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ክር እንደታሰረ ነው? እማዬስ ወገቧ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ደብዳቤዬን ቀይ እስክሪብቶ ይዘው እንደሚያነቡት ስለማውቅ ፊደሌን ተጠንቅቄ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ያው የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ነው። ጠዋት አንሶላ እተኩሳለሁ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጠረጴዛውን ጠርጌ ላፕቶፔን እዘረጋበታለሁ። በኢንተርኔት የምማረው የዳታ ሳይንስ ኮርስ እያለቀ ነው። አስተማሪዋን የማውቃት በቪዲዮ ብቻ ነው፤ ስትናገር ስለምትሮጥ «ቶሎ ቶሎ» ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። መጀመሪያ ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ረስቼ ፕሮግራሙ ሦስት ቀን አልሠራም ሲለኝ፣ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት በአራሚነት ለነጠላ ሰረዝ ሲጣሉ የኖሩት እርስዎ ትዝ አሉኝ። ለሳቅሁብዎት ሁሉ ይቅር ይበሉኝ።

የመጨረሻው ሥራ «የራሳችሁን መረጃ አምጡ» የሚል ሆነ። እህቴን ለምኜ የስኳር መለኪያ ደብተርዎን በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የስድስት ወሩን ቀንና ቁጥር አንድ ፊደል ሳልነካ ገለበጥሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከሰኞ እስከ እሑድ ለእያንዳንዱ ዕለት አማካዩን እንዲያወጣ አራት መስመር ጻፍሁለት። ቁልፉን ከመንካቴ ግማሽ ዓመት ሙሉ ፊቴ ተዘርግቶ ቁጭ አለ!

ሳምንቱ ግን አሥራ አንድ ቀን ሆኖ ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ። አንዱን ሳምንት እህቴ ትለካዎታለች፣ ፈረቃዋ ሲቀየር ደግሞ ራስዎ ይለካሉ። እርስዎ በብዙኃኑ ኀ «ኀሙስ» ብለው ይጽፋሉ፣ እሷ በሃሌታው «ሀሙስ»፤ የእርስዎ «ዓርብ» የእሷ «አርብ» ነው፤ እሑድና ረቡዕም እንዲሁ። ለእኛ አንድ የሆነው ቀን ለማሽኑ ሁለት ነው።

ላዋህዳቸው ስል ቁጥሮቹን አየሁና ሳቄ ቀረ። በእሷ ፊደል የተጻፉት ቀኖች ሁሉ ሁለት መቶን ያልፋሉ። በእርስዎ ፊደል የተጻፉት መቶ አሥር፣ መቶ አሥራ ሁለት፣ ደግሞ መቶ አሥር ናቸው። ስኳር ፊደል አይቶ አይወርድም አባባ።

አልተቆጣሁም። እኛ እንዳንሰጋ ብለው ቁጥሩን ዝቅ እንዳደረጉት ይገባኛል፤ ግን ሐኪሙ የመድኃኒትዎን ልክ የሚወስነው በዚያ ደብተር ነው። እማዬና እህቴ ቤት ውስጥ ሆነው ያላዩትን እኔ ከዚህ ሁሉ ርቀት በአንዲት ሀ ማየቴ እስካሁን ይደንቀኛል፤ ያስፈራኛልም። ሳልታሰብ ስለተወለድሁ «ግድፈቴ» ይሉኝ አልነበር? ይኸው ግድፈትዎ አራሚውን አረመ።

በዚህ ሳምንት ከእህቴ ጋር ሐኪሙ ዘንድ ይሂዱና እውነቱን ይንገሩልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ልብስ ሰፊው ለመነጽርዎ ጠንከር ያለ ክር ይፈልግ። ለእህቴ ፊደሏን እንዳታቃና ይንገሩልኝ። እርስዎም ኀሙስን በወደዱት ፊደል ይጻፉት፤ እሱን እኔ አንድ አደርገዋለሁ። ቁጥሩን ግን እንዳዩት ይጻፉልኝ፤ እሱን ከዚህ ሆኜ ማረም አልችልም።

ልጅዎ ግድፈት
ከመተኮሻው ጠረጴዛ
ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ኀሙስ