የማክሰኞው ትምህርት መጽሐፉ እስኪያልቅ እንዲቀጥል ስለፈቀዱልን

ሮሳሪዮ፣ ጁላይ 17 ቀን

ለክቡር አቶ ኤርናን ቮሎሺን
የአይሁድ ማኅበረሰብ ማዕከላችን ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ በዚህ ብርድ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ደብዳቤዎቼ ቢሮዎ ሲገቡ እንጂ ሲወጡ ታይተው ስለማያውቁ፣ ይህኛውን በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ከመዋኛው የሰዓት ሠንጠረዥ ጎን መለጠፌን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዘወትር ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በአምስት ሰዓት አሥራ አንድ ሰዎች ፎቅ ላይ ባለው ክፍል ተሰብስበን፣ የጥንት ረቢዎች ስለ ጎረቤት፣ ስለ ግንብና ስለ አጥር የተከራከሩበትን መጽሐፍ እናነባለን፤ የስም መዝገቡን የምይዘውም እኔ ነኝ። ቅሬታዎቼን እንደ ልማዴ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በማርች ወር በጻፉልን ደብዳቤ «ትምህርቱ አሁን የተያዘው መጽሐፍ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ክፍሉም ከቦታቸው ለማይንቀሳቀሱ የስፖርት ብስክሌቶች ይውላል» በማለት በፊርማዎና በማኅተምዎ ስላረጋገጡልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ጸሐፊዎ ብሬንዳ እንደነገረችን «እስከ ፋሲካ ይጨርሳሉ» ብለው ነበር። መጽሐፉ ሦስት መቶ ሃምሳ ገጽ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ገጽ አንብበናል። በዚሁ ፍጥነት ከሄድን ስልሳ ስምንት ዓመት ገደማ ይቀረናል። ይህን ያህል ረጅም ዋስትና በዚህ ማዕከል ውስጥ የተሰጠው ሌላ ክፍል የለም፤ መዋኛው እንኳ የሚፈቀድለት በየዓመቱ ነው።

2ኛ. ፋሲካ አልፎ ገጽ አርባ ሁለት ላይ መሆናችንን ሲሰሙ፣ ንባባችንን ለማፋጠን የመጽሐፉን አጭር መግለጫ ከኮምፒውተር አሳትመው በአሥራ ሁለት ገጽ ላኩልን። እኛም በአክብሮት ተቀብለን መስመር በመስመር መረመርነው። ሰባት ስህተት ስላገኘንበት በቀይ ብዕር አርመን መልሰናል። ይህ ሁለት ማክሰኞ ወሰደ። ውጤትዎ ከአሥር አራት ነው፤ እንደገና መፈተን ይችላሉ።

3ኛ. ክፍሉን በግድግዳ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለብስክሌቶቹ ለመስጠት ወስነው ጁን 25 ቀን ሜትር ይዘው በንባባችን መካከል ገቡ። የሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ዶን ናኡም ፊንጌርማን፣ አጠገቡ የቆመን ሰው ሁሉ መጠየቅ ልማዱ ስለሆነ፣ «አንተ ልጅ፣ በሁለት ጎረቤት መካከል ያለ ግንብ ቢፈርስ ድንጋዩ የማን ነው?» አልዎት። እርስዎም ሜትሩን ሳያጥፉ «የሠራው ሰው ነዋ!» ብለው መለሱ።

«ማን እንደሠራው የሚያስታውስ ሰው ከሌለስ?» አለች ከመካከላችን ዶኛ ሬይዛ።

«እንግዲያው እኩል ይካፈሉታ!»

«ድንጋዩ በአንደኛው ግቢ ተከምሮ፣ ባለግቢው ‹የኔ ነው› ብሎ ላዩ ላይ ተቀምጦ?»

«እመቤቴ፣ እኔ የመጣሁት ለመለካት ነው!»

«ለካ እንግዲህ፣ ማን ከለከለህ? የሚለካው እጅህ ነው፤ አፍህን ማን አሰረው?»

ሃያ ደቂቃ ቆመው ተከራከሩን፤ የማቴ ሻይም ቀርቦልዎት ሁለት ጊዜ ጠጡ። በእኛ ልማድ ደግሞ በጠረጴዛው ዙሪያ የተነገረ ሐሳብ፣ የደካማም ቢሆን፣ ሳይመረመር አይታለፍም። ስለዚህ የእርስዎን ሐሳብ መርምረን ለመጣል ሦስት ማክሰኞ ፈጅተናል። እስካሁን ገጽ አርባ ሁለት ላይ ነን።

4ኛ. በማስታወቂያዎ «ትምህርቱ ለጥቂት ሰዎች ብቻ ነው» ብለው ጽፈዋል። ትክክል ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ ዶን ናኡም ነው። ሚስቱ ክላራ ካረፈች ወዲህ ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ የሚያናግረው የራዲዮ ዜና አንባቢውን ብቻ ነው፤ እሱም መልሶለት አያውቅም። ማክሰኞ ግን ከቀትር በኋላ በሦስት ሰዓት ተላጭቶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ክፍሉ ሳይከፈት ደረጃው ላይ ይጠብቃል። «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው የሚያገኘው እዚህ ብቻ ነው። በብስክሌት ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚጋልብ ሰው ይህን ሊለው እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት ካለዎት፣ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ። በተለመደው ፍጥነታችን።

5ኛ. ምናልባት እድሜያችንን ቆጥረው ተስፋ አድርገው እንደሆነ፣ ይህን ልንገርዎት። በእኛ ዘንድ የመጽሐፉ የመጨረሻ መስመር በተነበበበት ቀን፣ ከወንበር ሳይነሱ፣ ወደ መጀመሪያው ገጽ መመለስ ልማድ ነው። ይህን ልማድ እኛ አላመጣነውም፤ እርስዎም በሰርኩላር አያነሱትም። እኛ ባንደርስበት የሚደርሱበት ሰዎች ይኖራሉ። ለእነሱ ክፍሉን ሙሉውን፣ ከነሁለት መስኮቱ፣ እንጠብቃለን። ግድግዳ ከቆመም በዚያው ቦታ፣ ከጠረጴዛችን ሳንነሳ፣ ስለ ግድግዳ እናነባለን።

ለማዕከላችን ስለሚደክሙት ድካም፣ ለእኛም ሳያስቡት ስለዋሉልን ታላቅ ውለታ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ትዕግሥትዎ የእኛን ያህል ይሆን ዘንድ ከልብ የምመኝልዎት፣

አክባሪዎ
ፔርላ ሱክማን፣ ጡረተኛ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ግድግዳውን እንዲያቆም የላኩት ግንበኛ፣ አቶ ራሞን ኪሮጋ፣ ትናንት ማክሰኞ በአምስት ሰዓት ከሩብ መጣ። ንባባችንን እስክንጨርስ እንዲጠብቅ ጠየቅነው፤ ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጁን አውጥቶ «ጎረቤት ሳይፈቅድ የተሠራ ግድግዳ ከሆነስ?» አለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። መልሱን ገና አላገኘንም። በሚቀጥለው ማክሰኞ እንደሚመጣ ነግሮናል፤ መሣሪያውን ግን ቤቱ ትቶ ነው።